የመስቀል ወፍ በጥር

ሰው በዓመት አንዴ ብቅ ሲል ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። «አንተ የመስቀል ወፍ!» እንለዋለን። ስድብ ነው እንዳይባል ጉንጭ እየተሳመ የሚነገር ነው፤ ፍቅር ነው እንዳይባል ውስጡ ጠጠር አለበት። ተናጋሪው ይስቃል፣ ተቀባዩም ይስቃል፤ ጠጠሯ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ትቀራለች።

እኔ ይቺን ጠጠር በየዓመቱ የምቀበለው ከአንዲት እናት ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ይኖራሉ። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ነው የሚላቸው፤ እኔም በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ ለሥራ ስትወጣ ምሳዬን የሚያበሉኝ፣ ከእኩዮቼ ስጣላ የሚገላግሉኝ፣ ሳጠፋም በእናቴ ስም የሚቆነጥጡኝ እሳቸው ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ በየዓመቱ መስከረም 17 ቀን እማማን ሳልጠይቅ አልውልም።

ሕጉን አክብሬአለሁ። ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ። እሳቸውም ጥበብ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ጀበናው ተጥዶ ይጠብቁኛል። ገና በሩን ሳልፍ፣

«መጣህ የመስቀል ወፍ?» ይሉኛል።

«ምን ላድርግ እማማ፣ ሥራው!»

«ሥራው» የምትባለዋን መልስ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቃት የለም። «ሥራው» ከተባለ አለቀ። ይህ ሥራ የሚባለው ሰውዬ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ለምን መስከረም 17 ቀን ብቻ እንደሚለቀን የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ወፍ ነው። ስለ ወፍ ነው ስላችሁ ግን ጋዜጣውን እንዳታጥፉት፤ ወደ ሰው መመለሳችን አይቀርም።

«የመስቀል ወፍን ታውቃታለህ ወይ?» ብትሉኝ፣ እስካለፈው ጥር ድረስ «እንዴታ!» እል ነበር። በእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ ከአደይ አበባው አጠገብ ተሥላ አይቻታለሁ። ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ትመጣለች፤ መስቀል አልፎ ጥቂት ሲቆይ ትሄዳለች። የት ነው የምትሄደው? እሱን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ጠይቄ ከሆነም «አገሯ ገባች» ተብዬ ይሆናል። ይህንኑ እንዳመንኩ ሃምሳን ተሻገርኩ።

ባለፈው ጥር ነው የእማማ የልጅ ልጅ የደወለልኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ሕይወት ያጠና፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ሰንበት ሰንበት አንገቱ ላይ ባይኖኩላር አንጠልጥሎ ጫካ ለጫካ ሲዞር ይውላል። «ጋሼ፣ አንድ ጠዋት ወፍ ላሳይዎት» አለኝ። ወፍ ለማየት ሰው በጥር ቁር፣ በጨለማ ይነሳል? የእማማ ልጅ ሆኖብኝ እንጂ «ሥራው» ብዬ ልገላገለው ነበር።

የሄድነው ወደ ጉለሌ የዕጽዋት ማዕከል ነው። ቦታውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር አብረው ያቋቋሙት ነው፤ ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። እዚያው ጉለሌ ውስጥ እየኖርኩ ያን ቀን ገና ሁለተኛዬ መሆኑን ስነግረው ልጁ ምንም አላለኝም። ባይለኝም ገባኝ።

ፀሐይዋ ብቅ እንዳለች ልጁ በጣቱ እየጠቆመ ያሳየኝ ጀመር። መንቁረ ወፍራሙን፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ቁራ አሳየኝ። በየቆሻሻው ገንዳ ላይ ሳየው የኖርኩት ቁራ ከእኛ ከአፍሪካ ቀንድ ደጋዎች ውጭ እንደማይኖር የሰማሁት ያን ጠዋት ነው። ሌላው ዓለም ገንዘብ ከፍሎ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሊያየው የሚመጣውን ወፍ እኔ «እሽ!» እያልኩ ሳባርረው ኖሬአለሁ። ጉድ በል የጉለሌ ሰው!

ከዚያ አንድ ገላጣ ቦታ ደረስን። ዳር ዳሩን ረጅም ሣር ደርቆ ቆሟል። ሣሩ ላይ አሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ ቡናማ ወፎች ይንጫጫሉ።

«ጋሼ፣ የመስቀል ወፍ!» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የታለች?»

«እነዚያ።»

«እነዚያማ ድንቢጦች ናቸው።»

«ደህና አድርገው ይዩ» ብሎ ባይኖኩላሩን ሰጠኝ።

አየሁ። ቡናማ፣ ጥቁር ዥንጉርጉር ያለባቸው፣ ለማንም የማይታዩ ወፎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ብድግ ብላ ስትበር ግን ሽንጧ ላይና ትከሻዋ ላይ ቢጫ ነገር እንደ ክብሪት ቦግ አለ። ተመልሳ ስታርፍ ክንፏን ከደነች፤ ቢጫውም ጠፋ።

«በጥር?» አልኩት።

«በጥርም፣ በሚያዝያም አለ ጋሼ። የትም አይሄድም። ልብሱን ነው የሚቀይረው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። «የመስቀል ወፍ» የሚለው ስም እንደየአገሩ ለተለያየ ወፍ ይሰጣል፤ ቀዩን የሚሉ አሉ፣ ረጅም ጭራ ያለውን የሚሉም አሉ። ሁሉም ግን የአንድ ወገን ናቸው፤ ሣር እየሸመኑ ቤታቸውን የሚሠሩ ወፎች ዘመድ ናቸው። የሽሮ ሜዳ ባለሙያዎች በሉዋቸው! በእኛ በደጋው የሚታየው ዝናብ መጥቶ ሣሩ ሲያድግ ቡናማ ላባውን ጥሎ ከል የመሰለ ጥቁር ይለብሳል፤ ሽንጡና ትከሻው ላይ ደግሞ ቢጫው ይደምቃል። ያን ለብሶ ሣሩ ላይ እየተነፋፋ፣ እየተንሳፈፈ ሴቶቹን ይጣራል። መራቢያው ወቅት ሲያበቃ የበዓል ልብሱን ያወልቃል። ቡናማውን መልሶ ይለብስና ከጓደኞቹ ጋር የሣር ፍሬ ሲለቅም ይከርማል። ቢጫው ግን ጨርሶ አይጠፋም። ሽንጡና ትከሻው ላይ ይቀራል፤ ሲያርፍ ክንፉ ይሸፍነዋል፣ ሲበር ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «እሷ» እያልን የምንጠራት የመስቀል ወፍ ወንድ ነው! ሴቷማ በመስከረምም በጥርም ያው ቡናማ ናት። እንቁላል ላይ የምትተኛው፣ ጫጩቶቹን የምትመግበው እሷ ናት፤ ግን በካርድ ላይ አልተሣለችም፣ በዘፈን አልተጠራችም። እሱ እንኳ በዓመት አንዴ ይታያል። እሷ አንድም ቀን አልታየችም።

ልጁ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣና መጻፍ ጀመረ። አጮልቄ አየሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የወፉ ዓይነት፣ ብዛት። አንዳንዱ መስመር ላይ «አልታየም» የሚል አለ።

«ያላየኸውንም ትጽፋለህ?»

«ዋናው እሱ ነው ጋሼ። ሰባት ጊዜ መጥቼ ካላየሁት ሰባት ጊዜ አልታየም ብዬ እጽፋለሁ።»

«እንግዲያ የለም ብለህ ለምን አትገላገልም?»

ሳቀ። «የለም ለማለት ሁሉን ቦታ፣ ሁሉን ሰዓት ማየት ነበረብኝ። እኔ የማውቀው አለማየቴን ነው።»

ይህን ያለኝ ልጅ ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም። እኔ ስንት ዓመት ስጽፍ ኖሬ ይቺን ልዩነት አላወቅኋትም። «አላየሁም» ስለ እኔ የሚነገር ነው፤ «የለም» ስለ እሱ የሚነገር ነው። የመጀመሪያው ኑዛዜ ነው፣ ሁለተኛው ፍርድ ነው። እኛ ደግሞ ፍርድ ስንወድ!

ቤቴ ገብቼ ስለዚህ ደብተር ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ይህ ሰፊ ዓለም ነው። ዌልስ የምትባል አገር አለች፤ ብሪታንያ ውስጥ በስተምዕራብ፣ ባሕሩ ዳር ላይ። በባሕሯ ላይ ስኮክሆልም የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ሮናልድ ሎክሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1933 በብሪታንያ የመጀመሪያውን የወፍ መመልከቻና መመዝገቢያ ጣቢያ ያቋቋመው እዚያ ነው። ባርድሲ በምትባል ሌላ የዌልስ ደሴት ላይም በ1953 እንዲሁ ተቋቋመ። የእነሱ ብርድ አልፎ አበባው ሊጀምር ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት፣ ሰዎች ካፖርታቸውን ለብሰው ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው ባሕር ባሕሩን ያያሉ። ከሚጠብቋቸው አንዷ ብርዱን በእኛው አህጉር፣ በአፍሪካ ያሳለፈች፣ ሽንጧ ነጭ የሆነ ትንሽ ወፍ ናት። የመጀመሪያዋ ስትታይ ቀኗን ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ዓመትም ይጽፋሉ። አያት የጻፈውን የልጅ ልጅ ያነበዋል።

ይህ የፈረንጅ ሥራ ፈትነት ነው የሚል አይጠፋም። አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዘርዝረው ያሳተሙት በ1971 ነው፤ ያሳተመውም የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ሰብል ሲጠብቅ ያደገ የገጠር ልጅ «የመስቀል ወፍ ሄደች» ብትሉት ሳይስቅባችሁ አይቀርም። በወንጭፍ ሲያባርራቸው የዋለው እነዚያኑ ቡናማዎች ነው።

የደነቀኝ ግን ሌላ ነው። የዌልሶቹ ወፍ እውነትም ትሄዳለች፤ በረሃና ባሕር አቋርጣ ትሄዳለች፣ አቋርጣ ትመለሳለች። የእኛው የትም አልሄደም። እነሱ የምትሄደውን ወፍ መመለሻ ገደል ጫፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እኛ የማይሄደውን ወፍ «ሄደ» ብለን ስሙን የጠፊ ሰው መስደቢያ አደረግነው። ለካስ የመስቀል ወፍ በሐሰት የተመሰከረበት ፍጡር ነው! በዓመት አንዴ ብቅ የምንለው እኛ ነን እንጂ እሱማ ዓመቱን ሙሉ ደጃችን ላይ ነው።

ይህን እያሰብኩ ነው አንድ የረሳሁት ነገር የመጣብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የረሳሁት ሳይሆን ያስቀመጥኩት ነገር ነው።

ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም. ነው። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ይዤ እንጦጦ ማርያምንና የምኒልክን ቤተ መንግሥት ላሳየው በመኪና ዳገቱን እወጣለሁ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች በሰልፍ እየወረዱ ደረሱብኝ። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቃቸዋል። ከጀርባቸው ያለው ሸክም ከመንገዱ ግማሹን ይይዛል፤ ጎንበስ ስለሚሉ ፊታቸው አይታይም። ጥሩንባ ነፋሁ። የፊተኛዋ ደንግጣ ዳር ያዘች፤ ሸክሟ ከግንቡ ጋር ተፋተገ። አልፌ ሄድኩ። ለእንግዳዬም ስለ ሴቶቹ ኑሮ ከባድነት ጥቂት ማብራሪያ ሰጠሁ። ማብራሪያ መስጠት ላይ አልታማም።

በሚቀጥለው መስቀል እማማ ቡናውን እየቀዱ፣

«በጥር እኮ ነፍሴን ልታወጣት ነበር፤ ያቺ ጥሩንባህ!» አሉኝ።

«ምን?»

«በእንጦጦ መንገድ ነዋ። የፊተኛዋ እኔ ነበርኩ።»

ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። «እማማ! ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?»

«ምን ብዬ? ደግሞ እንዳታየኝ ፊቴን አዞርኩ እኮ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ቶናው ቀረበ፣ ጨዋታው ተቀየረ፣ ነገሩም እዚያው ቀረ።

እስቲ አስቡት። እናቴን ያህል የማከብራቸው ሴት ከምን እንደሚኖሩ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት ስኳር ይዤ ስገባ፣ ያ ስኳር የሚፈላበት እሳት ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። እኔ የማውቃቸው ጥበብ ቀሚስ የለበሱትን እማማ ነው። ሸክም የተሸከሙትን እማማ ሳገኛቸው ጥሩንባ ነፋሁባቸው።

«ከዐይን የራቀ ከልብ ይርቃል» እንላለን። ልክ ነው። ግን ግልባጩም ልክ ነው፤ ከልብ የራቀም ከዐይን ይርቃል። ዐይኔ ያን ቀን ዕውር አልነበረም፤ ሸክሙን አይቷል፣ መንገዱን አይቷል፣ የግንቡን ጠርዝ አይቷል። ሰውየዋን ለማየት ግን ዐይን ብቻ አይበቃም ነበር። ትመጣለች ብሎ የሚጠብቅ ልብ ያስፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ እማማን የምጠብቃቸው በመስከረም 17 ብቻ ነበር። ልጁ ያን ቡናማ ወፍ ያወቀው ዐይኑ ከእኔ ዐይን ስለሚበልጥ አይደለም። በጥርም ሊኖር እንደሚችል ስላመነ ነው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ተቆጣኝ። «አንተ ሰውዬ አታካብድ! በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ባለበት ከተማ ሁሉን ሰው በየቀኑ ማየት ይቻላል እንዴ? ታክሲ ሰልፍ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ። አንተም ቢያንስ በዓመት አንዴ ትሄዳለህ፤ እሱንም የማያደርግ ስንት አለ!»

ወዳጄ ያለው ሐሰት አይደለም። የሰው ልብ ጎተራ አይደለም፤ ሁሉን አይችልም። የዌልሶቹም ሰዎች የዓለምን ወፍ ሁሉ አይጠብቁም፤ የራሳቸውን ገደል ጫፍ ነው የሚጠብቁት። ስለዚህ «ሁሉን እይ» የሚል ሕግ ማውጣት አልፈልግም፤ የማይቻል ሕግ የሚያወጣ ሰው ማንንም ላለማየት ሰበብ እየፈለገ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያላየሁትን «የለም» አልበል። የራሴን አለመሄድ የሌላው መጥፋት አላድርገው። «እገሌ እኮ ጠፋ!» ከማለቴ በፊት «እገሌን አልፈለግኩትም» ማለት ልልመድ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የታክሲ ሰልፍም የለበትም። ከባድ የሆነው ሌላ ምክንያት ስላለው ነው፤ «ጠፋ» ስንል ከሳሽ እንሆናለን፣ «አልፈለግኩትም» ስንል ተከሳሽ እንሆናለን።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር ግን አለ፤ እሱን ሸፋፍኜ ባልፍ ቅር ይለኛል። እማማ ፊታቸውን አዙረዋል። መታየት አልፈለጉም። ወፉም ቢሆን ደማቁን ልብስ የሚያወልቀው ያለ ነገር አይደለም፤ ደማቅ ላባ ሴቷን ብቻ ሳይሆን ጭልፊቱንም ይጠራል። ቡናማው ልብስ መጠለያ ነው። ታዲያ የተጠለለን ሰው «አየሁህ!» እያሉ ማጋለጥ ደግነት ነው? ያን ቀን መኪናዬን አቁሜ፣ እንግዳዬ እያየ «እማማ!» ብዬ ብጮህ ክብር ይሆናቸው ነበር ወይስ ውርደት?

ብዙ አሰብኩበት። መልሴ ይህ ነው። ፊት ማዞር መብታቸው ነው። ግን ከማን ነው ፊታቸውን ያዞሩት? አብረዋቸው ከሚወርዱት ሴቶች አይደለም። ከጎረቤታቸው አይደለም። ከልጅ ልጃቸው አይደለም። እነዚያ ሁሉ ሸክማቸውን ያውቁታል። ፊታቸውን ያዞሩት በበዓል ልብሳቸው ብቻ ከሚያውቃቸው ሰው፣ ከእኔ ነው። በዓመት አንዴ እየሄድኩ በዓመት አንዴ የሚታይ ሴት እንዲሆኑልኝ ያደረግኳቸው እኔው ነኝ። የመስቀል ወፍ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ የመስቀል ወፍ ያደረግኳቸው ግን እኔ ነኝ። ማየት ማለት መጠለያ መግለጥ አይደለም። ማየት ማለት ያ ሰው አንተን ሲያይ መጠለያ የማያስፈልገው እንዲሆን መኖር ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን አይሠራም።

ሌላም ነገር አለ። በመስከረም ብቻ የሚያውቁትን ነገር ሲጠፋ መቼ እንደጠፋ አያውቁም። የመስቀል ወፍ ረጅም ሣር ይፈልጋል፤ ቤቱን የሚሠራው እዚያ ነው፣ የሚበላውም እዚያ ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ሣርን ባዶ ቦታ ነው የምትለው። ተራራችንም በምኒልክ ዘመን የመጣው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ለብሶ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ብዙ አያበቅልም። የዕጽዋት ማዕከሉ አገር በቀል ዛፎችን እያበዛ ነው፤ እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ተከፍቶበታል። ደግ ነው። ሆኖም አንድ መስከረም ወፉ ሳይታይ ቢቀር፣ ባለፈው ጥር ነበር ወይስ አልነበረም ብለን የምንጠይቀው ማንን ነው? የልጁን ደብተር ነው። ደብተር የሌለው ሰፈር ሐዘን እንኳ በጊዜው አይቀመጥም።

ሰውም እንዲሁ ነው። ስንቱን ሰው ለቅሶው ላይ ደርሰን «መቼ ነው የታመመው?» ብለን ጠይቀናል!

እናም ባለፈው የካቲት፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ ስኳርም ቡናም ሳልይዝ ዳገቱን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ አሮጌ ሹራብ ለብሰው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማማ።»

«አመመህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ከሥራ አስወጡህ?»

«ኧረ አላስወጡኝም!»

ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሱ። «ቆይ እስቲ፣ ልብስ ልቀይር፣ ቡናም ልቁላ…»

«ይቀመጡ እማማ። ቡናውም ይቆይ።»

ተቀመጡ፤ ግን አልተረጋጉም። ሳይጠሩት የመጣ፣ ምንም ያልሆነ፣ ምንም ያልያዘ እንግዳ ምን እንደሚደረግ ጠፍቷቸዋል። እኔም ምን እንደሚባል ጠፍቶኛል። ለሃያ ዓመት ያህል የተጫወትነው ጨዋታ ሁሉ የበዓል ነበር፤ የማክሰኞ ጨዋታ አልነበረንም። ዝም ሲበዛብኝ አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀመጥኩና ሰፌዱ ውስጥ እጄን ሰድጄ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። አዩኝ፣ አዩኝና፣

«እሱ ጠጠር አይደለም፤ ምስር ነው» አሉኝ። «ዐይንህ ደከመ?»

«ደክሟል መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ። ሸክሙን የተዉት ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው እንደሆነ፣ መጀመሪያ ተራራ የወጡት እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ምሳዬን አብልተው ትምህርት ቤት ከሸኙኝ በኋላ እንደነበር ነገሩኝ። ያን ጊዜም አላየሁም ነበር ማለት ነው። ምሳ አብሉኝ እንጂ ምሳው ከየት እንደመጣ አላወቅሁም።

ስወጣ እስከ በር ሸኙኝ።

«ለመስቀል ትመጣለህ አይደል?»

«ከዚያ በፊት እመጣለሁ እማማ።»

«እስቲ እናያለን» አሉ። አላመኑኝም። ሊያምኑኝም አይገባም።

ይህን የምጽፈው በግንቦት መጨረሻ ነው። ከየካቲት ወዲህ የሄድኩት አንድ ቀን ነው። ብዙ አይደለም። እኔም ግን ትንሽ ደብተር ገዝቻለሁ፤ ወፍ አልጽፍበትም። የሄድኩበትን ቀን እጽፋለሁ። ያልሄድኩበትን ወር ደግሞ «አልሄድኩም» ብዬ እጽፋለሁ። «ሥራው» ብዬ ግን አልጽፍም።